ቁመቷን ያላከለው ጽድ

ሰው ካልሄደ ወይ ካልሞተ አይመሰገንም ይባላል። ጎረቤቴ ጋሽ ገድሉ አልሄዱም፣ አልሞቱም፤ ይኸው ከአጥሬ ማዶ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጺማቸውን ይላጫሉ። እኔ ግን በቁማቸው ላመሰግናቸውም ልወቅሳቸውም ነው የተነሣሁት። ወቀሳው ይቀድማል፤ የፍየሌ ነገር አለና።

ጋሽ ገድሉ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ የተቃጠለ ሞተር እየፈቱ በአዲስ የመዳብ ሽቦ ይጠቀልሉ ነበር። ባለቤታቸው የሺመቤት ጣና ላይ ያለው የደቅ ደሴት ሰው ነበረች፣ የቄስ ልጅ። ሁለት ልጅ ቀብራ ሦስተኛዋን፣ ጸሎትን፣ ወለደች። ክርስትና ባስነሣችበት ሰሞን ከአባቷ ደጅ ያመጣችውን የጽድ ችግኝ ጠርዙ በተሸረፈ ሳፋ ላይ ተክላ ተሳለች። እኔ አጠገቧ ነበርሁ፤ ቃሏ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

«እመብርሃን፣ ይችን ልጅ ካሳደግሽልኝ፣ ይህ ጽድ ቁመቷን ባከለ ዕለት ደቅ ወስጄ ከደጅሽ እተክለዋለሁ።»

ልጅቱ ዓመት ሳይሞላት የሺመቤትን ወባ ወሰደብን። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ስለቱም፣ ልጅቱም፣ ሳፋውም ለጋሽ ገድሉ ቀረ።

ጸሎት ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ጽዱ ትከሻዋ ላይ ደርሶ ነበር። ያኔ ነው የእኔ ጉድ የመጣው። አንድ ከሰዓት በኋላ ፍየሌ አጥር ጥሳ ገብታ ጫፉን ጎመደችው። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ! ጋሽ ገድሉ ግን አልተቆጡም። ግድ የለም ያቆጠቁጣል ብለው፣ እንዲያውም እኔኑ አጽናንተው ሸኙኝ። እንዴት ልጽናና? የሟች ስለት ነው እኮ ፍየሌ የበላችው። በፋሲካ አረድኋት፤ ሥጋዋ ግን አልዋጥ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በማርያም ቀን «በፍየሌ ይቅር በይኝ» እያልሁ ጧፍ ሳበራ ኖርሁ።

ጽዱ አቆጠቆጠ፤ ግን አላደገም። ልጅቱ ወገቤ ደረሰች፣ ትከሻዬ ደረሰች፤ እሱ ከጉልበት አላልፍ አለ። ጋሽ ገድሉን ብጠይቃቸው ጽድ የደጋ ዛፍ ነው፣ የባሕር ዳር ሙቀት አላሳድግ አለው አሉኝ። እኔም ሞኟ አመንሁ።

አያያዛቸውን ላየማ ማን ይጠረጥራቸዋል! ጠዋት ወደ ፋብሪካ ከመሄዳቸው በፊት ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደድ አድርገው ያያሉ፤ ደርቆ ካላገኙት ውኃ አይሰጡትም። ክረምት ሊገባ ሲል፣ በሁለት ዓመት አንዴ፣ ከሳፋው ያወጡትና ሥሩን በእንጨት ያበጥሩታል፤ የረዘመውን ቆርጠው አሸዋና ጠጠር በተቀላቀለበት አፈር መልሰው ይተክሉታል። ቅርንጫፎቹን ከሞተር በተረፈ የመዳብ ሽቦ እየጠመጠሙ ወደፈለጉት ያጎነብሷቸዋል። ሽቦው ልጡን መብላት ሳይጀምር ደግሞ ቆራርጠው ያነሡለታል እንጂ አይጎትቱትም። በዚያው እጃቸው የልጅቱን ፀጉር ይሠሩ ነበር። ሹሩባ ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ፤ በወሩ በለጡኝ። የእናት ያለህ ሳትል ያደገች ልጅ ብትኖር ጸሎት ናት።

እኔ ቤት ተከራይቶ የነበረ ግሩም የሚባል የፔዳ ኮሌጅ መምህር አንድ ቀን በአጥር አሻግሮ አይቶ ደነገጠ። በጃፓን አገር ይህን ቦንሳይ ይሉታል፣ ሰው ዕድሜውን የሚጨርስበት ጥበብ ነው ብሎ ገብቶ ዞረው። ግንዱ እንደ ሽማግሌ ተጣሞ፣ ቅጠሉ ደርብ በደርብ ተነጥፎ፣ እውነትም ያምር ነበር። ሽጡልኝ ቢላቸው የእኔ አይደለም፣ የሰው ነው ብለው መለሱለት።

ጸሎት ተምራ፣ ሥራ ይዛ፣ ጥሩ ሰው አገባች። የመጀመሪያው ፅንስ በአምስት ወሩ ወረደ። ሁለተኛውን በፀነሰች ጊዜ የጋሽ ገድሉ እኅት አደይ መጥታ የስለቱን ነገር ዘረገፈችላት። እናትሽ የተሳለችው አልገባም፣ እመቤታችን ዝም ብትል ረስታ አይደለም አለቻት። ለነፍሰ ጡር እንዲህ ይባላል? አደይ አፏ አያርፍ።

ጸሎት ፅንሷ ስድስት ወር ሲሞላው መጣች። እኔም ከጋሽ ገድሉ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ አባዬ የእማዬን ስለት እናስገባ፣ ፈርቻለሁ አለቻቸው። እሳቸው የባሕር ዳርን ሙቀት አነሡ፣ የደቅን አፈር አነሡ፣ ቁመቱ ገና ነው፣ ሳያክልሽ ቢወሰድ ስለት አይሆንም አሉ። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ። ልጅቱ እንባዋ ወረደ። እኔ ተነሥቼ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያች ፍየሌ ጫፉን ባትበላው ይኸኔ ሰማይ ደርሶ ነበር፣ ቅጣቱ በኔ ይሁን አልሁ።

ጋሽ ገድሉ ቀና ብለው አዩኝ።

«ተይ እናትዓለም» አሉኝ። «ፍየልሽ የበላችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ፍየሏ እኔ ነበርሁ።»

ጫፉ ባቆጠቆጠ ቁጥር በጣታቸው ሲቀነጥቡት ኖረዋል ለካ! ቁመቷን ካከለ ይሄዳል፤ እሱ ከሄደ ከየሺመቤት እጅ የቀረ ነገር በዚህ ቤት የለም ብለው። ደሜ ፈላ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ላልሠራችው ኃጢአት ለፍየሌ ንስሐ ገብቻለሁ! ልጮህ አፌን ስከፍት ግን ፊታቸውን በጋቢያቸው ሲሸፍኑ አየሁ። ከእኔ በላይ ሲያፍሩ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ተመልሼ ተቀመጥሁ።

ጸሎትም አልተቆጣችም። አጠገባቸው ተቀመጠችና፣

«እኔስ አባዬ? እኔ ከእማዬ አልቀረሁልህም?» አለቻቸው።

ልጅቱ ዓይኗን አብሳ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሳይ ጋሽ ገድሉ ጽዱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሽቦውን አንድ በአንድ እየቆረጡ ይፈታሉ። ታስሮ አይሄድም አሉኝ። ፊታቸው አብጦ ነበር።

ክረምት ሲገባ የደቁን ጀልባ ተሳፈርን፤ ጸሎት ለመውለድ ወር ብቻ ቀርቷት ስለነበር ከቤት ቀረች። ጋሽ ገድሉ ሳፋውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ነፋሱን በጋቢያቸው ሲከልሉለት ደረስን። ከቤተ ክርስቲያኗ ደጅ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን የሚባሉ ሽማግሌ አገኘን። ጋሽ ገድሉ ሁሉንም ሳይደብቁ ነገሯቸው፤ ቁመቱ እንዳላከለም ነገሯቸው። መሪጌታው ጽዱንም ሰውየውንም አዩና፣ ማሳደጉን ለእመቤታችን ተዉላት፣ እናንተ ብቻ እጃችሁን ሰብስቡ አሉ። ጉድጓዱን ራሳቸው ጋሽ ገድሉ ቆፈሩ። ሥሩን በተኑ፣ አፈሩን በጉልበታቸው ተንበርክከው ጠቀጠቁ። ሊነሡ ሲሉ እኔ እጄን ዘረጋሁ፤ ገባቸው። የሽቦ መቁረጫውን ፒንሳ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

ጸሎት በደኅና ተገላገለች፤ ሴት ልጅ፣ ማህሌት። ስለቱ ነው፣ ሐኪሙ ነው፣ እኔ አላውቅም። ጋሽ ገድሉ ግን ለሦስት ዓመት ደቅን አልረገጡም። ሞቶ ከማገኘው አለማየቱ ይሻለኛል ይሉ ነበር። ሳፋው ባዶውን ከበረንዳው ላይ ተቀምጦ ኖረ።

በዚህ ዓመት ማህሌት ሦስት ሲሞላት ጸሎት አባቷን እጃቸውን ይዛ ጀልባ ላይ አወጣቻቸው። እኔም ተከተልሁ፤ ለፍየሌ ጧፍ ማብራቴን የማቆምበት ቀን ነው ብዬ። ጽዱን አየነው። ታቹ ያው ሽማግሌ ነው፣ የጎበጠ፣ የሽቦው ጠባሳ ያለበት። ከጉብጠቱ በላይ ግን ቀጥ ብሎ ወጥቷል፣ ለምለም። ማህሌት ሮጣ ሥሩ ቆመች፤ ጽዱ በልጧታል።

ጋሽ ገድሉ ቀረብ ብለው እጃቸውን ወደ ጫፉ ሰደዱ። እኔ ደነገጥሁ፤ «ጋሽ ገድሉ!» አልሁ። አልቀነጠቡም። መዳፋቸውን ዘርግተው ጫፉ ላይ አሳረፉና፣ ልኩን ሳይለቁ እጃቸውን ወደ ራሳቸው አመጡ። ሆዳቸው ላይ አረፈ። የሺመቤት በቁመት እሳቸውን ታክል ነበር።

«ለየሺመቤት ገና ወገቧ ላይ ነው» አሉ። «ይደግ።»