ሴት ወደማትረግጣት ደሴት የወሰድሁት ሌንስ

የተነሣሁበት ጉዳይ

ከባሕር ዳር ወረታ ድረስ የሄድሁት፣ ከዚያም ተመልሼ ጣና ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲያቃጥለኝ የዋልሁት ለአንዲት ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። ጥያቄዋ የእናቴ ናት፤ «ታከለ ከስቷል ወይ?» የምትል።

ታከለ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከመነኰሰ ወዲህ ስሙ አባ ወልደ ሚካኤል ሆኗል፤ እናቴ ግን ዛሬም ታከለ ነው የምትለው። የሚኖረው ሴት በማትገባባት የጣና ደሴት ላይ ነው። እሱ ከደሴቷ አይወጣም፤ እኛ ወደ ደሴቷ አንገባም። እናቴ በታንኳ በሶና ቆሎ ትልካለች፤ ታንኳው ሲመለስ «ደኅና ነው» የሚል ቃል ይዞላት ይመጣል። «ለታመመም ሰው የሚሉት ይኸንኑ ነው» ትላለች እናቴ። ዘንድሮ ክረምቱ እንደ ወጣ አንድ ከዘጌ የመጣ ገበያተኛ «ልጅሽን ሳል ይዞታል ሲሉ ሰማሁ» ብሏት ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አይወርድላትም። አንድ ጉርሻ ትጎርስና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ ታደርገዋለች። ልብሷም ሰፍቷታል።

እኔ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቅ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ጨርቅ ወደ ብርሃን እያነሣሁ እንከን ስፈልግ እውላለሁ። በዕረፍቴ ደግሞ በሩሲያ ካሜራዬ የሐይቁን ወፎች አነሣለሁ፤ ፎቶው ሲታጠብ ወፎቹ ቁንጫ አክለው ይወጣሉ። ለምን አንድ ወንድ ካሜራውን ይዞ ገብቶ አያነሣውም የሚል አይጠፋም። ሞክረናል። የእናቴን ስንቅ የሚያደርሰው ታንኳ ቀዛፊ፣ አያ አሊ፣ ካሜራውን ይዞለት ሄዶ ነበር፤ ታከለ ግን «ለሞተ ሰው ፎቶ ምን ያደርግለታል?» ብሎ መለሰው። መነኩሴ ሲመነኩስ እንደ ሞተ ሰው ፍትሐት ይፈታለታልና ነገሩ እውነት ነው። እናቴ ግን ያንን ፍትሐት እስካሁን አልተቀበለችውም። ስለዚህ የቀረኝ ዘዴ ከውኃው ላይ ሆኜ ፊቱን የሚያቀርብልኝ ሌንስ ማግኘት ነበር፤ እሱም በእኔ ደመወዝ የሚገዛ።

ባሕር ዳር የተውኋቸው

መጀመሪያ የሄድሁት ፎቶ ቤት ካላቸው ከጋሽ በላቸው ዘንድ ነው። አንድ መቶ ሠላሳ አምስት ሚሊሜትር ሌንስ ነበራቸው፤ ቀላል፣ ጥርት ያለ፣ ዋጋውም የሚቀመስ። ሐይቁ ዳር ወስጄ ሞከርሁት። ማዶ የቆመው ሰው፣ ሰው መሆኑ ይታያል፤ ይክሳ ይወፍር ግን አይለይም። ለእናቴ ጥያቄ የማይመልስ ሌንስ ምን ያደርግልኛል ብዬ መለስሁላቸው።

ሁለተኛውን ያየሁት ፔዳ፣ የመምህራን ኮሌጁ አካባቢ ነው። አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ይሸጥ ነበር። የእሱ ሦስት መቶ ነው፤ ሩቁን አምጥቶ አፍንጫ ላይ ያስቀምጠዋል። ነገር ግን ክብደቱ የሦስት ወር ሕፃን ያህላል፤ ያለ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ እጅ አያስችለውም። ታንኳ ላይ ማቆሚያው የት ላይ ይተከላል? ዋጋውን ሲነግረኝማ ሌንሱን እንደ እንቁላል ቀስ ብዬ ጠረጴዛው ላይ መለስሁ።

ጋሽ በላቸው ይኸን ሲሰሙ ሳቁና፣ «አንቺ የሚያስፈልግሽ ዙም ነው። ወረታ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ከአሰብ የመጣ አንድ አለ አሉ። የሚገዛው ጠፍቶ ተቀምጧል፤ ሳይረክስ አይቀርም» አሉኝ።

ወረታ

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። ጸሐፊው የጉዞው ምክንያት ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ዘመድ ጥየቃ» አልሁት። ውሸት አልተናገርሁም።

አውቶቡሱ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ሽቅብ ሲወጣ ከኋላ ወንበር ዶሮ ይጮኻል፤ ከጎኔ ያሉት ሴትዮ ደግሞ ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው እስከ ሐሙሲት ተኙ። ሐሙሲት ላይ በመስኮት የሽንብራ ቆሎ ገዛሁና ሴትዮዋም ነቅተው አብረን ቆረጠምን። ከዚያ ወዲያ የፎገራ ሜዳ ነው። ውኃው የሸሸው መሬት ላይ ሩዝ ታጭዶ ተከምሯል፤ ከብቱ ቃርሚያው ውስጥ ተበትኗል። ወረታ እንደ ወረድሁ ሩዝ የተደባለቀበት እንጀራ በሽሮ በሰባ አምስት ሳንቲም በላሁ። እንጀራው ነጭ ነው፣ ቶሎ ይሰባበራል፣ ሽሮው ግን እጅ ያስቆረጥማል።

የሐጂ ኑሩ ሱቅ ሳሙና፣ ፋኖስና ሻሽ የሞላበት ነው። ሌንሱን በአበባ ሻሽ ጠቅልለው ከላይኛው መደርደሪያ አወረዱት።

«ይኸ ልጄ፣ ከዚህ ሁነሽ ጎንደርን ያሳይሻል» አሉ።

«ሐጂ፣ እኔ ጎንደርን አልፈልግም። የምፈልገው አንድ ሰው ነው።»

«ባል ነው?»

«ወንድም ነው» ብዬ ነገሩን ከእናቴ ጀምሮ ነገርኋቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ ከባንኮው ጀርባ በርጩማ አወጡልኝ። «በይ ተቀመጭና ደኅና አርገሽ እይው» አሉ።

እኔም ወደ በሩ ዞሬ እንደ ጨርቅ ወደ ብርሃን አነሣሁት። ከሰማንያ እስከ ሁለት መቶ የሚሄድ ዙም ነው፤ በርሜሉን ሲስቡት ሰውየው ይቀርባል፣ ሲገፉት ከነአካባቢው ይታያል። ከወደብ የመጣ መስተዋት ሻጋታ አያጣውምና የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ፈለግሁ። ንጹሕ ነው። ከፊተኛው መስተዋት ጠርዝ ላይ ትንሽ ጭረት አለች፤ ፎቶ ላይ አትወጣም። የብርሃን መክፈቻው ቅጠሎች ዘይት አልነካቸውም፤ ሲዘውሩት ቶሎ ይከፈታሉ፣ ቶሎ ይዘጋሉ። የመግጠሚያው ጥርስ ካሜራዬ ላይ ገጥሞ ዞረ። እንከኑን ያገኘሁት ወደ መሬት ሳዘነብለው ነው፤ በርሜሉ ማንም ሳይነካው ተንሸራቶ ወረደ።

«ሐጂ፣ ይኸስ?»

«እሱማ ትሕትና ነው። ዝቅ ሲያደርጉት ዝቅ ይላል።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። መቶ ሰማንያ ብር ጠርተው ነበር፤ በትሕትናው ምክንያት ተከራክሬ መቶ ሠላሳ ላይ ተስማማን። ጨርቅ ቢሆን ሁለተኛ ደረጃ ብዬ የማሳልፈው ነው። ሻሹን መልሼ ስሰጣቸው «ተይው፣ እንዳይቧጨር ጠቅልይበት። ወንድምሽ ሲጸልይ እኔንም ያስበኝ» አሉ።

ኬላው

ስመለስ ድልድዩ አጠገብ ያለው ኬላ ላይ አንድ ጠብመንጃ ያነገተ ጠባቂ ሻሹን አስፈታኝ። ድልድይ አካባቢ ካሜራ ይዞ መገኘት ብቻ ስንት ጣጣ ያመጣል፤ ሌንሱ ደግሞ ጥቁር፣ ረጅም፣ ምኑም ደስ የማይል ነው።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«የፎቶ ሌንስ ነው። ሩቁን ያቀርባል።»

ሌንሱን ብቻውን ከዓይኑ ራቅ አድርጎ ቢያይበት ዓለሙ ሁሉ ተገልብጦ ታየውና ፊቱን አጨማደደ። እኔ ደግሞ ከዚህ ወዲያ ከመቀማት አይተርፍም ብዬ ካሜራው ላይ ገጠምሁና «እንዲህ ነው የሚታየው» ብዬ ሰጠሁት። ወደ ድልድዩ ማዶ አነጣጠረ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ይስቃል። ማዶ የቆመው ጓደኛው አጥሩን ተደግፎ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። «ጥርሱን ሳይቀር አየሁት» አለና ካሜራውን መለሰልኝ። አውቶቡሱ ሲያልፍ ባልደረባውን ሊቀሰቅስ ሲሮጥ አየነው። እኔ እስከ ቤቴ ድረስ ሌንሱን እንደ ሕፃን አቅፌ ሄድሁ።

ጣና ላይ

ለትሕትናው መድኃኒት አበጀሁለት፤ ከብስክሌት ከመነዳሪ፣ ከውስጠኛው ጎማ፣ ቀጭን ቀለበት ቆርጬ በርሜሉ ላይ አጠለቅሁ፤ ካቆሙት ቦታ ይቆማል። እሑድ የቀበሌ ውይይት ስላለ ዓርብን ዕረፍት ጠይቄ፣ ገና ሊነጋጋ ሲል ከአያ አሊ ጋር ተነሣን። እናቴ ውኃ ትፈራለች፤ ከበራችን ሆና «ሲያስል ከሰማሽው አትደብቂኝ» አለችኝ።

የደንገል ታንኳ ቂጥን ያርሳል እንጂ አይገለብጥም ይባላል። ሌንሱን ከነሻሹ በላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አሠርሁ። ሐይቁ ዝም ብሏል፤ የአያ አሊ መቅዘፊያ ብቻ ይሰማል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ደሴቷ ደረስን። ሴት የጫነ ታንኳ ወደ ማረፊያው አይጠጋምና ፊት ለፊቱ፣ ራቅ ብሎ ውኃው ላይ ከበቀለው ደንገል ውስጥ ገባን። ውኃው አይነቃነቅም፤ ለረጅም ሌንስ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። መነኮሳቱ ከቅዳሴ ሲወጡ አነሣዋለሁ ብዬ አነጣጥሬ ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። አንድ ሰው አልወጣም።

«ቅዳሴው ዛሬ ምነው ዘገየ?» አልሁ።

አያ አሊ ቀና ብሎ አየኝ። «ጾም አይደል እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ በጾም ቅዳሴያቸው በዘጠኝ ሰዓት አይደል የሚወጣው?»

ክው አልሁ። እኔ የፋብሪካ ሰው ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያን የምስመው እሑድ ብቻ ነው። እሑድ ደግሞ ጾምም ቢሆን በጠዋት ይቀደሳል፤ የአዘቦቱን ሥርዓት ጭራሽ ረስቼዋለሁ። «ለምን ቀድመህ አልነገርኸኝም?» ብዬ ተቆጣሁ።

«አንቺ የመነኩሴ እኅት ነሽ። ጾማችሁን እኔ እስላሙ ላስተምርሽ?» አለና ዳቦውን አውጥቶ መብላት ጀመረ። እኔ አፍሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመስሁም።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ታንኳው ይነሣል፣ ይወርዳል፤ በሌንሱ ሳይ ደሴቷ ራሷ የምትዘል ትመስላለች። ያ ሁሉ ልፋት ለብዥታ ሊሆን ነው። እናቴ ባዶ እጄን ስታየኝ የምትለው ነገር ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። አያ አሊን ታንኳውን ወደ ደንገሉ መሐል ይበልጥ አስገብቶ እንዲወትፈው ለመንሁት፤ እኔ በሆዴ ተኛሁ፣ ክንዴን ደንገሉ ላይ ተከልሁ። የመዝጊያውን ፍጥነት ካሜራዬ የሚችለው የመጨረሻው ላይ፣ የሰከንድ አምስት መቶኛው ላይ፣ አደረግሁት። ያልጠበቅሁት አንድ በጎ ነገር ነበር፤ ፀሐይዋ በእኛ ጀርባ ዞራ ማረፊያውን ፊት ለፊት ታበራለች። ጠዋት ቢሆን ኖሮ ፊቱ ሁሉ ጥላ ነበር።

መነኮሳቱ ወጡ። ሁሉም ጺም፣ ሁሉም ቆብ፣ ሁሉም ቢጫ ልብስ። የገዛ ወንድሜን መለየት አቃተኝ፣ እውነቴን ነው። በርሜሉን ገፍቼ ሁሉንም አያለሁ፣ ስቤ አንድ በአንድ እመረምራለሁ። እንደ መምህሩ ያለ የማይሳብ ሌንስ ቢሆን እዚያው ስዳክር ያልፉኝ ነበር። ኋላ አንዱ እጆቹን ከወገቡ ኋላ አጣምሮ፣ ሆዱን ቀደም አድርጎ ሲወርድ አየሁ። የአባታችን አካሄድ ነው። ታከለ ነው።

ከዚያ ቅል አንሥቶ ውኃ ሊቀዳ ወደ ማረፊያው ወረደ። አያ አሊ እንደ ልማዱ እጁን አነሣለት። ታከለ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ተመለከተ። ሴት መኖሯንም፣ በእጇ ያለውንም ያየ ይመስለኛል፤ ነፋሱ ድምፅ ስለማያሻግር ግን አልተጠራራንም። አሁን ፊቱን ያዞራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ቅሉን መሬት አስቀመጠ፣ ቆቡን አቃና፣ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ። አነሣሁት። ደግሜ አነሣሁት። ሌንሱ ውስጥ ጉንጩ ሞልቶ፣ ፊቱ ወዝቶ ይታያል። በመስቀሉ ባረከንና ቅሉን ሞልቶ ሄደ።

የመልሱን መንገድ ነፋሱን እየታገልን፣ ሰዓት እላፊ እንዳይደርስብን እኔም በተራዬ እየቀዘፍሁ መጣን። መዳፌ ውኃ ቋጠረ። ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም፤ አያ አሊ «ዝፈኝ እንጂ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ቤት

ጋሽ በላቸው ፎቶውን አጥበው በትልቁ አተሙልኝ። እናቴ ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው፤ አገላብጣ ደግሞ አየችው።

«ወፍሯል» አለች።

«ወፍሯል፣ እማየ።»

«መነኩሴ እንዲህ ይወፍራል? ከእንግዲህ በሶ አልክለትም» አለችና አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ፎቶውን ሳመችው። ያን ቀን እራቷን ትበላለች ብዬ ነበር። ነገር ግን ሳህኑ ሲቀርብ እንደገና ገፋችው።

«ምነው እማየ? አየሽው አይደል?»

«እኔስ አየሁት። እሱ እኔን በምን ይየኝ?»

ይኸን ነገር እኔም ሐጂ ኑሩም ጋሽ በላቸውም አላሰብነውም። ስንት መንገድ የሄድሁበት ሌንስ የሚያሳየው ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው። በማግሥቱ የበዓል ቀሚሷን ለበሰች፤ ዙሙን ፈትቼ ካሜራው ሲገዛ አብሮት የመጣውን አጭሩን ሌንስ ገጠምሁና እጄን ብዘረጋ ከምነካት ቦታ አነሣኋት። ፎቶው ሲታተም አያ አሊ አልክለትም ካለችው በሶ ጋር ይዞት ሄደ፤ መነኩሴው የእሱን ይመልስ እንጂ የእናቱን ይመልሳል ብዬ አልሰጋሁም።

አያ አሊ ሲመለስ ከበራፋችን ሳይቀመጥ እናቴ ያዘችው። «ተቀበለህ? ምን አለ?»

«ተቀበለኝ፣ እመይቴ። ብዙ ቆይቶ አየውና ‹እናቴ ከስታለች እንዴ?› አለኝ።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«የሺ፣ በይ እራት አቅርቢልኝ» አለች። «ልጄን ማስጨነቅ አልፈልግም።»