የሰው ግጥም በእኔ ድምፅ

በሥነ ጽሑፍ ክበባችን ደንብ አዲስ የግጥም መድበል ሲወጣ፣ ሂስ የጻፈው ሰው ገጣሚው ፊት ቆሞ ያነባል። ገጣሚው እስኪያልቅ አይናገርም። እኔ ገና አንደኛ ዓመት ሳለሁ የመጀመሪያው ሂስ የደረሰኝ በክፍል ጓደኛዬ መድበል ላይ ነበር።

ሰርቦ ከምትባል የቡና ከተማ የመጣ ልጅ ነው። መድበሉን እዚሁ ከተማችን መርካቶ ውስጥ የሠርግ ጥሪ የሚያትም ጠባብ ማተሚያ ቤት በስቴፕለር መትቶ አወጣለት። እኔም ረቂቄን ለክበቡ ሰጥቼ ነበር፤ ቀጥሎ የማን እንደሚታተም ሰብሳቢያችን ገና አልወሰነችም። የእሱን ስም ሽፋኑ ላይ ባየሁ ቁጥር በቅናት መድበሉን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ።

ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ተቀምጬ ደካማ ግጥም ፈለግሁ። በመጨረሻ አገኘሁ። እናቱ በሽቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ስታደርቅ የሚያሳይ ነው፤ በየስንኙ «አገላበጠች» ይላል። «ድግግሞሹ አሰልቺ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ለማስረጃ ግጥሙን ሙሉውን ላነብላቸው ወሰንኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት አነበብኩት። ገና ከመጀመሬ ሲያወሩ የነበሩት ወደ እኔ ዞሩ። ወረቀት ላይ የሰለቸኝ ቃል ከአፌ ሲወጣ፣ ቡናው ላይ የሚመላለስ እጅ የሚታይ መሰለ። ስጨርስ አጨበጨቡ።

«ድገመው!» አለ አንዱ።

«ኢራ ዴቢኢ!» ብለው ያንኑ በኦሮምኛ ጮሁ ከኋላ የተቀመጡት።

«ሂሴን ገና አልጀመርኩም እኮ…»

«ሂሱን ተወው ባክህ! እሱን ድገምልን!»

ደገምኩት። ገጣሚው እንደ ደንቡ ዝም ብሏል፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። ይኼ የባሰ አበሸቀኝ። የእኔን ግጥም እንዲህ ሆኖ የሰማ ሰው የለም።

ስንበተን ሰብሳቢያችን ጠራችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ድምፅ የት ደብቀኸው ነው? ሰርቦ መድበሉ ሲመረቅ የምታነብለት አንተ ነህ። እሱ ሰው ፊት አፉ ይተሳሰራል።»

«የእኔ ረቂቅስ?»

«አይቼዋለሁ። ጮክ ብለህ አንብበኸው ታውቃለህ?»

አላውቅም። «እሺ፣ ሰርቦ እሄዳለሁ» አልኳት፤ እምቢ ማለት አልችልበትም።

ክፍሌ እንደገባሁ ረቂቄን አውጥቼ የመጀመሪያውን ግጥም ጮክ ብዬ ጀመርኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ደረቀብኝ፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ አቆምኩ። ቅናቴ ሳይበርድልኝ፣ ለሰርቦው ምረቃ የእሱን የቡና ግጥም መለማመድ ያዝኩ። ወረቀቱን ማየት እንኳ አላስፈለገኝም።