ጥላ ያረፈበት ፊት

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ሞጣ ነበር። ያኔ፣ በደርግ ዘመን፣ የእናቴ አጎት አለቃ ይርዳው ከሰዓት እላፊው በፊት እኛ ቤት ብቅ ይሉና ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው ከፍሙ ዳር ተቀምጠው ያወጉን ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠሪ ነበሩ። ሥራው ሲጠፋ ቻይኖች መንገድ ወደሚሠሩበት አገር ሄደው ድንጋይ ሲፈልጡ ከርመዋል፤ ወጋቸውም እዚያ ካገኙት፣ ሥዕል ከሚሥል አንድ ቻይናዊ የሰሙት ነበር።

«ቻይኖች በአገራቸው የሚሥሉት በውኃ ቀለም፣ በወረቀት ላይ ነበር አሉ» ይሉናል። «አንዱ ወጣት ባሕር ተሻግሮ ከፈረንጅ የዘይት ቀለም ተማረ። ሲመለስ እናቱን መስኮት አጠገብ አስቀምጦ ግማሽ ፊቷን ጥላ አድርጎ ሣላት። ብታየው፣ ‹ምነው ልጄ፣ ግማሽ ፊቴን ሳልታጠብ ሣልከኝ?› አለችው።»

በሳቅ እንፈርስ ነበር። ኋላ የአገሩ ሹማምንት ተነሥተው «የፈረንጅ ነው» ብለው ሥዕሎቹን እንዳቃጠሉበት ሲነግሩን ግን ወደ ፍሙ ጠጋ እንላለን።

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ቢቸና ገበያ ሄዶ ለውትድርና በታፈሰበት ዓመት እናቴ መሳቅ ተወች። አንድም ፎቶግራፍ አልነበረውም። «አለቃ፣ መልኩ ሳይጠፋኝ ይሣሉልኝ» አለቻቸው። ቻይናዊው የሰጣቸውን ጥቂት የዘይት ቀለም አውጥተው ከፍሙ ዳር እንደሚቀመጠው አድርገው፣ ግማሽ ፊቱን በብርሃን፣ ግማሹን በጥላ ሣሉት። እኔ ሳየው የተመለሰ መስሎኝ ስሙን ጠራሁ።

እናቴ ግን ጮኸች። «ምን በደልኩዎት? ጻድቅ በሁለት ዓይኑ እንደሚሣል ከእርስዎ ወዲያ ማን ያውቃል? በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ አይደለም? ልጄን ከክፉዎች ደመሩብኝ!»

«ጥላ ነው እኮ ልጄ። ዓይኑ እዚያው ጥላው ውስጥ አለ።»

«እንግዲያው ያውጡልኝ!»

እምቢ ሊሏት አልቻሉም። በማግሥቱ ሁለተኛውን ዓይን በደማቅ ቀለም ከላዩ ሣሉበት። የእኛ ቀለም አድሮ ይደርቃል፤ የዘይቱ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። እርሳቸው ቻይናዊው ሲሥል አይተዋል እንጂ ሥዕሉ እስኪደርቅ ጠብቀው አያውቁም። እርጥቡ ከእርጥቡ ተቀላቅሎ ፊቱ ጭቃ ሆነ። ባበሱት ቁጥር አፍንጫው ሄደ፤ አፉ ሄደ። ኩራዙን አስጠግተው ሲታገሉ ቆዩና ብሩሻቸውን አስቀመጡ።

«አጠፋሁት» አሉ።

ታደሰ አልተመለሰም። አለቃም ከዚያ ወዲህ አላወጉንም።

ብዙ ዓመት ሥዕሉን አስጠፋችው ብዬ እናቴን በልቤ ስወቅሳት ኖርኩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ፣ እንዳልረሳው ብዬ፣ ስለ እሱ በደብተር እጽፋለሁ። ትናንት መልሼ ሳነበው ለካ ቁጣውን፣ ክረምቱን ሙሉ ያኮረፈኝን፣ እኔም የመለስኩለትን ክፉ ቃል፣ አንዱንም አላነሣሁትም። ገጹን የሞላው ደግነቱ ብቻ ነው፤ ጥላ የለበትም። አብሬው የኖርኩትን ሰው ፈለግሁት፤ አጣሁት።