ጨርሼ ያላነበብኳቸው ቦክሰኞች

ደባርቅ ውስጥ ስለ ቦክሰኞች ሕይወት የሚያውቅ ሰው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሰው ሁሉ እንግዳው የተባለውን ወጥ ሠሪ ያሳያችኋል። እንግዳው እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለኩራት አይደለም። በከተማው ውስጥ ስለ ቦክሰኛ የሚያወራ ሌላ ሰው ስለሌለ ብቻዬን ሮጬ አንደኛ ወጣሁ ማለት ነው።

ሥራዬ በሰሜን ተራሮች በእግር ለሚጓዙ ቱሪስቶች ምግብ ማብሰል ነው። በቅሎዎቹ ድንኳኑንና ዱቄቱን ተሸክመው ቡይት ራስ ከተባለው የጉዞ መነሻ ይነሳሉ፤ እኔ ከኋላቸው እያለከለክሁ እደርስና ሾርባ እጥዳለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖሬያለሁ። በዚያ ብርድ ምስር እስኪበስል ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለ እሱ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ስለ ምስር ሳይሆን ስለማላውቀው ነገር ማውራት እወዳለሁ።

ነገሩ የጀመረው አንድ አፍንጫው የተጣመመ እንግዳ ሲሰናበተን ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲና አንድ ወፍራም መጽሐፍ ትቶልኝ በሄደ ጊዜ ነው። ካልሲውን ስጦታ የምትባለው ባለቤቴ ወሰደችው። መጽሐፉ ለእኔ ቀረ። ሽፋኑ ላይ ጓንት ያጠለቀ ሰው ፊቱን አኮሳትሮ ያየኛል። የእኔ እንግሊዝኛ አሥረኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ መዝገበ ቃላት ተውሼ ጀመርኩት፤ የመጀመሪያው ገጽ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሰውየው የወደብ ልጅ ነው። የዓሣ ሳጥን እየተሸከመ አድጎ፣ ምድር ቤት ውስጥ ቡጢ ተምሮ፣ ስንቱን ተመትቶ ስንቱን መትቶ፣ ገጽ መቶ ዘጠና ላይ የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ ታጠቀ። በዚያች ደቂቃ ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ስጦታ ምን ነካህ ብትለኝ “አሸነፍን” አልኳት። እነማን እንደሆንን አልጠየቀችኝም።

ከዚያ ወዲህ ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱ ሹፌሮችን አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥበት ሁሉ የቦክሰኛ ነገር እንዲያመጡልኝ አስቸገርኳቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ መጻሕፍት ሰበሰብኩ። ሁለቱ ወደ አማርኛ የተመለሱ ናቸው፤ ሌሎቹ እንግሊዝኛ። ከዱቄት ጆንያው በላይ መደርደሪያ ሠርቼ አስቀመጥኳቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ቦክሰኛው ቀበቶውን ከታጠቀ በኋላ መጽሐፉን እዘጋው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ወረቀት ምስጋናና ፎቶግራፍ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። እውነቱ ግን፣ አንዴ ሁለት ገጽ አልፌ ሳይ ሰውየው መመታት ጀመረ፤ ደስ አላለኝምና ከደንኩት። በዚህ ዓይነት፣ ቀበቶ ከሌለው ከአንዱ በቀር፣ መደርደሪያዬ ላይ ዘጠኝ ሻምፒዮኖች ነበሩኝ፤ አንደኛው ባለ ሁለት መጽሐፍ ነው። አንዳቸውም አላረጁም፤ አንዳቸውም አልተሸነፉም።

መንገዱ ሰላም አጥቶ ቱሪስት የጠፋ ጊዜ ሥራ ፈታሁ። ቀኑን ሙሉ ቻላቸው ጸጉር ቤት ተቀምጬ ታሪካቸውን አወራ ጀመር። ማውራት ብቻ አይደለም፤ እንደ ሐኪም ለየሰዉ መጽሐፍ አዝዝ ነበር። የመሬት ክርክር ያለበትን ሰው የታጋሹን ቦክሰኛ ታሪክ አንብብ አልኩት። አዲስ ሙሽራ ሲመጣ አሠልጣኙን የሚታዘዘውን አዘዝኩለት። በጭጋግ ሊማሊሞን መውረድ የሚያስፈራው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ለእሱ ደግሞ ፍርሃት የማያውቀውን ሰው ታሪክ እየጨመርኩ እየቀነስኩ አወራሁለት። ሹፌሩ ጸጉሩን ተስተካክሎ እስኪጨርስ ሰማኝና፣ ፍርሃት የማያውቁት ሹፌሮች ሁሉ ገደሉ ሥር ናቸው፣ ባይሆን የሚፈራ ቦክሰኛ ፈልግልኝ ብሎኝ ወጣ። የሚፈራ ቦክሰኛ የለም ብዬ ከኋላው ተናገርኩ።

ከእኔ መጻሕፍት ተውሶ በትክክል ያነበበ አንድ ሰው ቢኖር ረህማ ናት። ረህማ ገበያው ዳር የአባቷን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የምትጠብቅ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ሱቁ ጭር ሲል ያገኘችውን ሁሉ የምታነብ ሴት ናት። ሦስት መጻሕፍት ወሰደች፤ በሁለት ሳምንት በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችልኝ።

“ጋሼ እንግዳው፣ እነዚህን ጨርሰዋቸዋል?” አለችኝ።

“በቃሌ ነው የማውቃቸው” አልኳት።

“የወደቡ ልጅ መጨረሻው ምን ሆነ?”

“ሻምፒዮን ሆነ።”

መጽሐፉን ገልጣ አሳየችኝ። “ሻምፒዮን የሆነው እዚህ ነው፣ መቶ ዘጠና ላይ። መጽሐፉ ሦስት መቶ አርባ ገጽ ነው። ከዚህ በኋላ ያሉት ቅጠሎች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ነው ያገኘኋቸው፤ በቢላ ነው ያላቀቅኳቸው።”

ተናደድኩ። መጽሐፍ እንደ አቡጀዲ በሜትር አይለካም አልኳት። እሷ አልተቆጣችም። “እኔ ጨርቁን እስከ ጫፉ ሳልዘረጋ አልሸጥም፤ ብል የሚገባው ከውስጥ በኩል ነው” አለችና ሌላ ሁለት መርጣ ሄደች። ያን ቀን ማታ አንዱን መጽሐፍ አንስቼ ነበር፤ ግን እልህ ይዞኝ መልሼ አስቀመጥኩት።

ወሬዬ ግን ከእኔ ቀድሞ ጎረቤት ከተማ ዳባት ደርሶ ኖሯል። የዚያ ወጣቶች ሜዳ ላይ የስፖርት ቀን አዘጋጅተው፣ ስለ ታላላቅ ቦክሰኞች ሕይወት ንግግር እንዳደርግ በስልክ ጠሩኝ። “ባለሙያው” ነው ያሉኝ። ስጦታ የሠርግ ኮቴን እየቦረሸች፣ ንግግሬን አድርጌ ምሳዬን በልቼ በጊዜ እንድመለስ አደራ አለችኝ። ኋላ ላይ ያን አደራ ቃል በቃል ስትደግምልኝ ከርማለች።

ዳባት ስደርስ ወጣቶቹ ለግጥሚያው አራት የባሕር ዛፍ ግንድ ተክለው፣ ገመድ ዙሪያውን ወጥረው፣ መሬቱ ላይ ገለባ ጎዝጉዘው ሸራ አልብሰውበታል። አሥር ደቂቃ ተሰጥቶኝ አርባ ደቂቃ ተናገርኩ። ሰዉ እያዛጋ መሆኑ ገባኝ፤ ግን ያዛጋ ሰው በአንድ ጥሩ አባባል ይነቃል ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁና “ቦክስ ዘጠና እጁ ጭንቅላት ነው፤ ክንድ አሥር እጅ ብትሆን ነው” አልኩ። ይህን አባባል የትም አላነበብኩትም፤ እዚያው የፈጠርኩት ነው።

የዕለቱ ዋና ግጥሚያ በዳባቱ ዳቦ ጋጋሪ በሰብስቤና ከጎንደር በሚመጣ ልጅ መካከል ነበር። የጎንደሩ ልጅ መኪና ተበላሽቶበት መንገድ ላይ ቀረ። መድረክ መሪው ይህን ሲያስታውቅ ሰዉ አጉረመረመ። ከኋላ አንድ ድምፅ “ዘጠና እጁ ያላቸው ሰውዬ ይግቡ” አለ። ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። መድረክ መሪው ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ ለጨዋታ ያህል ነው፣ ካልፈለግሁ ይቅር አለኝ። ይቅር ማለት እንዴት ቀላል ነበር። ኮቴን አውልቄ ሰጠሁት።

ሰብስቤ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሊጥ በእጁ እያሸ ክንዱ እንደ ሙቀጫ የደነደነ፣ ንግግሩ ለስላሳ ሰው ነው። ጓንቴን ራሱ አሰረልኝ። “ጋሼ፣ እኔ ቀስ ነው የምለው። እርስዎም ዝም ብለው ይዙሩ፤ ሦስት ደቂቃ ነው፣ ያልቃል” አለኝ። ከዚህ የበለጠ ደግነት ከባላንጣ አይገኝም። እኔ ግን በሐሳቤ ከመጻሕፍቴ በአንዱ ላይ ያለውን ዘዴ እያሰላሁ ነበር። ዘዴው ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ ግራ እጅህን ዝቅ አድርገህ ተቃራኒህን ታታልለዋለህ። ቀጥሎ ሲመጣልህ በቀኝህ ትቀበለዋለህ።

ግራ እጄን ዝቅ አደረግሁ። ሁለተኛው ክፍል ላይ አልደረስኩም።

ሰብስቤ እስከ ዛሬ ድረስ መታሁዎት አይልም። “ወደኋላ ላርቅዎት እጄን ዘርግቼ ነበር፤ እርስዎ ሮጠው መጡበት” ነው የሚለው። ያዩ ሰዎችም ይህንኑ ይመሰክሩለታል። ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት የመድረክ መሪውን ጫማ ነው፤ ቀጥሎ ሰብስቤ ጎኔ ተንበርክኮ ይቅርታ ሲጠይቀኝ አየሁ። ጓንቱን ማሰሩ ከግጥሚያው የበለጠ ጊዜ ወስዶ ነበር አሉኝ።

መንጋጋዬ አልተሰበረም፤ ግን አብጦ አፌ አልከፈት አለ። ያከመኝ ባለሙያ ለሦስት ሳምንት እንዳላኝክም እንዳልናገርም አዘዘኝ። ስጦታ አለማኘኬ አሳዘናት፤ አለመናገሬን በሚመለከት ግን ፊቷ ላይ ሐዘን አላየሁም።

ሰው ማውራት ሲከለከል ምን ያደርጋል? ግድግዳ ሳይ ሁለት ቀን ከቆየሁ በኋላ የወደቡን ልጅ አወረድኩና ገጽ መቶ ዘጠና አንድን ገለጥኩ።

በሰባት ወር ውስጥ ቀበቶውን ተነጥቋል። የተሸነፈበትን ምሽት በራሱ ቃል ጽፎታል። ሲያሸንፍ በልብስ መቀየሪያው ክፍል መቆሚያ አይኖርም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሁሉም ጥሎት ሄደ። ጓንት ያጠለቀ ሰው የራሱን ጓንት መፍታት አይችልም። ስለዚህ አንድ ሰዓት ሙሉ እጆቹ እንደታሰሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በመጨረሻ ወለል ልትወለውል የመጣች ሴት ባልዲዋን አስቀምጣ ፈታችለት። ስሟን አልጠየቅኋትም ይላል፤ ቀበቶውን ከማጣቴ ይልቅ እሱ ይቆጨኛል ይላል። እዚህ ጋ ስደርስ እንባዬ መጣ። ስጦታ አየችኝ። መንጋጋዬን አሞኝ ነው ብዬ በወረቀት ጻፍኩላት።

በሦስቱ ሳምንት የአሥራ አንዱንም ጭራ አነበብኩ። ያን ፍርሃት አያውቅም ያልኩትን ሰው እንኳ፣ ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት ያስመልሰው እንደነበር ገጽ ሁለት መቶ ስድስት ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ስለ እሱ ሁለት መጽሐፍ ነው ያለኝ። አንደኛው ራሱ የጻፈው ግለ ታሪክ ሲሆን፣ በገዛ ፈቃዴ ጓንቴን ሰቀልኩ ብሎ ይጨርሳል። ሌላ ሰው በጻፈለት የሕይወት ታሪክ ግን በመጨረሻዎቹ ዓመታት የልጁ ስም ይጠፋበት ነበር። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ሰውየውን አያውቀውም። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ግማሽ ግማሹን አንብቤ ሳስተምር ከርሜያለሁ።

ወደ ረህማ ሱቅ ሄድኩ። ገና መናገር ስለማልችል “ልክ ነበርሽ” ብዬ የጻፍኩበትን ወረቀት ሰጠኋት። አነበበችው።

“ፊርማዎን ያኑሩበት” አለችኝ።

ፈረምኩ። ወረቀቱን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በርጩማ ሰጥታኝ፣ የትኞቹ መነበብ እንዳለባቸው እሷ እየተናገረች እኔ እየጻፍኩ ስንከራከር ከሰዓቱ አለቀ። ከአሥራ አንዱ አራቱን መረጥን። የወደቡ ልጅ አለበት፤ ፍርሃት አያውቅም ስላልኩት ሰው የተጻፉት ሁለቱም አሉበት፤ እነሱም አንድ ላይ ካልሆነ በተናጠል እንዳይሰጡ ተስማማን። አራተኛው ቀበቶ ታጥቆ የማያውቅ፣ ዕድሜውን በሙሉ ለትላልቆቹ መለማመጃ ሆኖ የኖረ ሰው መጽሐፍ ነው። እሱን እኔ አልፈልገውም ነበር። ረህማ ናት ያስገባችው፤ ዛሬ ለጀማሪ መጀመሪያ የምሰጠው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ሲመቱት የታዘበውን እየቀለደ ስለሚናገር ከእንግሊዝኛዎቹ ሁሉ የእሱ ይቀላል። ከቀሩት ሰባቱ አምስቱ ሰውየውን እንደ ታቦት ያነግሡታል እንጂ ሰው አያደርጉትም። ሁለቱ ግጥሚያ ብቻ ይቆጥራሉ።

አፌ ሲፈታ ወደ ቻላቸው ጸጉር ቤት ተመለስኩ። የታሪኮቹን መጨረሻ ማውራት ስጀምር ደንበኛው አልወደደውም። ቻላቸው ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ ሰው እዚህ የሚመጣው ሊያምርበት ነው፣ አንተ አሳዝነህ ትልክብኛለህ አለኝ። አሁን የምቀመጠው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ያውም ከተጠየቅሁ።

ባለፈው ወር ሰብስቤ ደባርቅ መጣ። ከምድጃ የወጣ ድፎ ዳቦ ይዞልን፣ ቤታችን ገብቶ፣ መንጋጋዬን እንደ ሐኪም ግራና ቀኝ አየልኝ። ጎንደር ግጥሚያ እንዳለውና እንቅልፍ እንደነሳው ለስጦታ ሲነግራት ሰማሁ። እኔን ግን የጠየቀኝ መጽሐፍ ነው።

“ጋሼ፣ እንዴት እንደሚያሸንፉ የሚናገረውን አልፈልግም” አለኝ። “ከአንድ ቀን በፊት ምን እንደሚሆኑ የሚናገረውን ካለዎት።”

ፍርሃት አያውቅም ያልኩትን ሰው ሁለት መጻሕፍት አንድ ላይ አወረድኩለትና አንዱን ብቻ እንዳይወስድ አስጠነቀቅሁት። እዚያው ዱቄት ጆንያው ላይ ተቀምጦ ጀመረ። በጣቱ መስመር እየተከተለ፣ ያልገባውን እየጠየቀኝ፣ አምስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ አንገቱ ዘንበል አለና እንቅልፍ ወሰደው። ልቀሰቅሰው ስል ስጦታ በእጇ ከለከለችኝ። ከንጋት በፊት ሊጥ ሊያሽ የሚነሳ ሰው ነው፣ ተወው አለች። ጋቢ አለበሰችውና አጠገቤ ተቀምጣ፣ እስቲ እዚያ ውስጥ ያለውን ቀስ ብለህ አንብብልኝ አለችኝ።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እንዲህ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ሰውየው የአሠልጣኙን ምክር ትቶ፣ የእናቱን ምክር ትቶ፣ የሐኪሙንም ትቶ ወደ ግጥሚያ ሲገባ አነበብኩላት።

“ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሰው ሰምቶ አያውቅም?” አለችኝ ስጦታ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

ወደሚቀጥለው ገጽ ገለጥኩ።