ባዶ ናት ያሏት ክፍል

ከአገር በወጣሁበት ማታ ዘመድ ሁሉ ግቢ ውስጥ ሲላቀስ እኔ ክፍሌን ኖራ እቀባ ነበር። ኮምቦልቻ፣ ከእናቴ ቤት ጀርባ፣ ጭቃውን በእግሬ አቡክቼ፣ ቆርቆሮውን በእጄ መትቼ የሠራኋት ክፍል ናት። ማንም አላስተማረኝም፤ አይቼ ነው የለመድኩት። ቁልፉን ለታናሽ እህቴ ለወይንሸት ሰጥቼ «ማንም እንዳይተኛባት፤ ተመልሼ የምገባባት እኔ ነኝ» አልኳት። «እሺ ጋሼ» አለች። ይህን ያዙልኝ።

ቤይሩት አየር ማረፊያ ፓስፖርቴን ያገላበጠው ሹም «ሹ ብታዕርፍ?» አለኝ፤ ምን ሥራ ታውቃለህ ማለቱ ነው። አውሮፕላኑ ላይ አጠገቤ ከተቀመጠች የአገሬ ልጅ አንዲት ቃል ተምሬ ነበርና ደረቴን ነፍቼ «ኩሉ!» አልኩት። ሁሉን! ሰውየው ሳቀ፣ አንድ ነገር ተናገረ፣ ልጅቷ እየሳቀች ተረጎመችልኝ፦ «ሁሉን ካወቅክ እዚህ ምን ልትሠራ መጣህ ይልሃል።»

ግን አልዋሸሁም። ጃል ኤል ዲብ በሚባል ሰፈር፣ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ሕንጻ ላይ ናጡር፣ ያኒ የሕንጻ ዘበኛ ሆኜ ገባሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ቧንቧውም፣ መብራቱም፣ ቀለሙም የእኔ ሥራ ሆነ። ዐረብኛ ማንበብ የተማርኩት ከሱቅ ሰሌዳ ነው። ዛሬ ባውሽሪዬ ሰፈር ያሉ የአገሬ ልጆች የኪራይ ውል ሲመጣባቸው ወደ ማን የሚሮጡ ይመስላችኋል?

አሠሪዬ ኸዋጃ ኤሊ፣ ኸዋጃ ጌታው እንደማለት ነው፣ ሰው ነበር። ከደረጃው ሥር ያለችውን ክፍል ሲሰጠኝ «ይህቺ እስክትሞት ድረስ ቤትህ ናት» አለኝ። ክፍሏ በወረቀት የእሱ ቤት አካል ናት። እኔ ወረቀት አልጠየቅኩም። የሽማግሌ ቃል በቂ መስሎኝ፤ ኮምቦልቻ ያለሁ መስሎኝ!

ኸዋጃው ሲያርፍ ሴት ልጁ ማዳም ሪማ ከፈረንሳይ መጣች። ትንሽ ሳለች በትከሻዬ ተሸክሜ ባሕር ያመላለስኳት ልጅ ናት። አሁንም «ዐሞ» ትለኛለች፣ አጎቴ እንደማለት።

«ዐሞ ወርቅነህ፣ ቤቱን ልሸጠው ነው። አሳምርልኝ፣ ሲልቩፕሌ።»

አሳመርኩላት። በባሕሩ በኩል ያለው ግድግዳ በየክረምቱ ያለቅሳል፤ ፍቄ፣ አድርቄ፣ ጀሶ መትቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ነጭ ቀባሁት። የአባቷን ፎቶ ከሳሎን አወረደች፤ «ገዢ የሞተ ሰው ማየት አይወድም» አለች። ጠረጴዛው ላይ ሎሚ ደረደረች። የሚበላ እንዳይመስላችሁ፣ ለዓይን ነው! እኛ አገር ባዶ ቤት ውስጥ ሎሚ የሚደረድር ጠንቋይ ነው። ገዢዎቹን ደግሞ መብራት በሚኖርበት ሰዓት ቀጠረቻቸው፣ አሳንሰሩ መሃል ላይ እንዳያንጠለጥላቸው።

ባልና ሚስት መጡ። ደላላው፣ ሲምሳር ይሉታል፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ገባ። ባልየው ያንን ግድግዳ በመዳፉ ዳሰሰና «ማሻላህ! ማን ነው የሠራው?» አለ። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ጣሊያናዊ ባለሙያ ነው፤ ከሚላኖ» አለ ሲምሳሩ።

አጠገቡ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ! ጀሶው ከጥፍሬ አልወጣም!

ዋጥኩት። ወደ ታች ወረድን። ሚስትየዋ የክፍሌን በር ገፋ አድርጋ «ይህቺስ?» አለች።

«ኦዳ ፋድዬ። ዕቃ ታስቀምጡባታላችሁ» አለ ሲምሳሩ።

ኦዳ ክፍል፣ ፋድዬ ባዶ ማለት ነው። አልጋዬ ይታያል። ጃኬቴ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። እኔ ራሴ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«ሚሽ ፋድዬ!» አልኩ። «ባዶ አይደለችም፣ ሰው አለባት። እኔ አለሁባት!»

ሚስትየዋ መሬት መሬት አየች። ሲምሳሩ «ሽማግሌው ቀልድ ይወዳል» ብሎ ሳቀ። ማዳም ሪማ ክርኔን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«ዐሞ፣ አታሳፍረኝ።»

«አባትሽ ምን ብሎኝ ነበር?»

«ባባ ሞተ፣ ኸላስ። ደግሞ አንተ አገርህ ቤት አለህ አይደል? በእጅህ የሠራሃት ነጭ ክፍል! ትንሽ ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ ነገርከኝ?»

በገዛ ወሬዬ አፌን ዘጋችው።

ቤቱ ተሸጠ። ባልየው ሲወጣ እጄን ጨብጦ «መብሩክ» አለኝ። እንኳን ደስ ያለህ! በምኑ? ደሜ ፈላ። መዶሻዬን አንስቼ ወደ ላይ ወጣሁ፤ ያንን ግድግዳ ላፈርሰው። የማታ ፀሐይ ባሕሩ ውስጥ ልትጠልቅ ስትል ብርሃኗ አርፎበት እንደ ወተት ያበራል። ከዚህ እስከ ጁንዬ እንዲህ አድርጎ የሚሠራ ሰው የለም፤ ካለ ይምጣ። እጄ እምቢ አለኝ። መዶሻዬን ይዤ ወረድኩ።

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ኮምቦልቻ ደወልኩ።

«ወይንዬ፣ ልመጣ ነው። ክፍሌን አናፍሱልኝ።»

ከበስተኋላዋ የማላውቀው ወንድ ያስላል።

«ጋሼ… አንድ መምህር አስገብተንባት'ኮ ነው። ሚስትም አግብቷል። ባዶዋን ከምትቀመጥ ብለን…»

«ፋድዬ» አልኩ።

«እ? ምን አልከኝ ጋሼ?»

«ዐረብኛ ነው» አልኳት። «አንቺ አይገባሽም።»