የሐጁ መሐላ እና የእኔ ማራቶን

አርብ ጎህ ሲቀድ ምግብ ከማበስልበት የካፉሪ ሰፈር ቪላ ወጣሁ። ሐሳቤ አንድ ነበር፤ የካርቱሙን ማራቶን መጨረስ። ባለፈው ዓመት ድልድዩ ላይ ተዘርፍጬ ስለቀረሁ፣ አርካዊት ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዬ አበባ «ሐበሻ ሆነሽ?» እያለች ዓመቱን ሙሉ ስታላግጥብኝ ከርማለች። እኔ እንደሆነ አገሬ ሳለሁ የሮጥኩት አውቶቡስ ሲያመልጠኝ ብቻ ነው።

እዚህ ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ ጫማዬን አይቶ፣ «ሐበሺያ? ኸላስ፣ በቃ አንደኛ ነሽ!» አለ። ሒሳብም አልቀበል አለኝ።

ዓባይ ዳር መነሻው ላይም ያው ነው። ሱዳኖቹ «ተፈደሊ፣ ተፈደሊ» እያሉ በአክብሮት ገፍተው ከፊት አቆሙኝ። አልችልም ማለት አፈርኩና ከጎረምሶቹ ጋር ተፈተለኩ። ጉድ ፈላ! የመጀመሪያውን ድልድይ ሳልሻገር ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች።

ኦምዱርማን ስደርስ ፀሐይዋ ከርራለች። አንድ ደጅ ላይ ለአላፊ አግዳሚ ከተቀመጠ እንስራ ውኃ ቀድቼ ጠጣሁ። ጥላው ሥር ፉል የቀረበላቸው ሽማግሌ ሐጅ ተነሡ።

«ልጄ፣ ነይ ቅመሺ።»

«ሐጅ፣ ውድድር ላይ ነኝ። ከዘገየሁ የመድረሻውን በር ይነቅሉታል።»

«ዐለይ አጠላግ፣ ሳትቀምሺ አታልፊም!»

እዚህ አገር ይህ ሚስትን አስይዞ መማል ነው፤ እምቢ ካልኩ ሴትዮዋ ተፈቱ ማለት ነው። ባለቤታቸው ከበሩ ብቅ ብለው፣ «ቅመሺለት በይ! በዚህ ዕድሜዬ በፉል ልፈታ?» አሉኝ።

ምን ላድርግ፣ ትዳር ነው። ሯጮቹ እያለፉኝ ተቀምጬ በላሁ። ስነሣ እግሬ እንጨት ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ጥቂት ሶምሶማ፣ የቀረው እርምጃ ነበር።

ዓባይ ዳር ስመለስ ከኋላዬ ማንም የለም። ወንበሮቹ መኪና ላይ ተጭነዋል። ደግሞ ዓመት ሙሉ ልሰማ ነው ብዬ እንባዬ መጣ። በሩ ግን ቆሟል። ሥሩ ሐጁ ከዘራቸውን ተደግፈው ከአስተባባሪው ጋር ይጨቃጨቃሉ፤ በረክሻ ቀድመውኝ ኖሯል። ባለቤታቸው እጃቸውን እያወዛወዙ ጮኹብኝ።

«ፍጠኚ፣ ሐበሺያ! ልጅቷ ሳትገባ በሩ አይነቀልም ብሎ ደግሞ ምሎብኛል!»

ሮጥኩ። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ከልቤ የሮጥኩት ያኔ ነው።

ካፉሪ ገብቼ እግሬን ጨው ውኃ ውስጥ ነከርኩ። ለከርሞ ሁለት ነገር ተምሬያለሁ፤ ከኋላ መነሣትና ፉሉን ቶሎ ቶሎ መብላት። አበባ ደወለች።

«ስንተኛ ወጣሽ?»

«መጨረሻ» አልኳት። «ትዳር ግን አላፈረስኩም።»