በተቆለፈው በር ፊት ያስተማሩት ጋሽ እንድሪስ

ጋሽ እንድሪስ ሰዒድ ዐርፈዋል። ሐሙስ ምሽት ጎንደር አዲስ ዓለም ካለው ቤታቸው ነፍሳቸው ወጣች፤ በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቀበሩ። እኔ የሰማሁት ዓርብ ከቀትር በኋላ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ይዟቸው ይመጣ የነበረው የአውቶቡስ ሾፌር ትምህርት ቤታችን በር ላይ ማኪናውን አቆመ፤ እንደ ወትሮው ጥሩምባ አልነፋም። ወርዶ አጠገቤ ቆመና «ወርቅነሽ፣ አያ እንድሪስ የሉም» አለኝ። በዚያው ማኪና ተሳፍሬ ጎንደር ስገባ ቀብሩ አልፎ ነበር።

እሳቸውን የምታውቁ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። ስለ ደግነታቸው ብዙ ሰው ተናግሯል፤ ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን የምጽፈው ስለተናደድኩ ነው። እሑድ ዕለት ለቅሶው ላይ፣ ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ፣ ከወረዳችን የመጡ አንድ ኃላፊ ተነሥተው ስለ ሟቹ ተናገሩ። ጋሽ እንድሪስ ለገጠር ልጆች የኮምፒውተር ብርሃን ያበሩ ሰው እንደሆኑ፣ የትምህርት ቤቱም የኮምፒውተር ክፍል በስማቸው እንደሚሰየም አስታወቁ። ሰው በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። የዚያ ክፍል ቁልፍ እዚያው እኔ ጭን ላይ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጋሽ እንድሪስ አራት ዓመት ሙሉ ያን ቁልፍ ሲለምኑ ኖረው ሳያገኙት ነው የሞቱት። የከለከልኳቸውም እኔ ነኝ።

ወገራ ውስጥ ያለ፣ ከአንደኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚያስተምር የአንድ ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። የትምህርት ቤቱን ስም የማልጽፈው ፈርቼ አይደለም። ስሙን ብጽፈው የሌሎቹ ትምህርት ቤቶች የንብረት ሠራተኞች «ይህስ እኛን አይመለከትም» ብለው ያልፉታል ብዬ ነው።

ጋሽ እንድሪስ አራዳ ገበያ አጠገብ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። በወጣትነታቸው በታይፕ፣ በኋላም በኮምፒውተር የጎንደርን ሰው አቤቱታ ሲጽፉ ነው የኖሩት። ፍርድ ቤት የሚሄድ፣ ጡረታው የተጓተተበት፣ የመሬት ክርክር ያለበት ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይቀመጣል። እሳቸውም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው እስከ መጨረሻው ያዳምጡታል። ሳያዳምጡ አይጽፉም ነበር። «አቤቱታ የሚጻፈው በጣት ነው፤ የሚሰማው ግን በጆሮ ነው፤ እኔ ጆሮዬን ነው የማከራየው» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከኛ አገር አንድ ገበሬ የመሬት ጉዳይ ሊያስጽፍ ከልጁ ከስንዱ ጋር ወደ ሱቃቸው ይሄዳል። ስንዱ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። አባቷ ሲናገር እሷ ዓይኗን ከጋሽ እንድሪስ ጣቶች ላይ አልነቀለችም። እሳቸውም ይህን አይተው ትምህርት ቤታችሁ ኮምፒውተር አለ ወይ ብለው ጠየቋት። «አለ፤ ግን አይነካም» አለቻቸው። ለምን እንደማይነካ ሲጠይቋት አታውቅም። ጋሽ እንድሪስ ይህን ሲያወሩልኝ ያ «አይነካም» የሚለው ቃል ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እንደነሳቸው ነገሩኝ። በሚቀጥለው ረቡዕ ሱቃቸውን ዘግተው ወገራ ወጡ።

እውነቷን ነው፤ አይነካም ነበር። መብራት በገባልን በዓመቱ አንድ የውጭ ድርጅት ዐሥራ ሁለት ኮምፒውተር ሰጠን። የርክክቡ ወረቀት ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ርዕሰ መምህሩ ክፍል አጸዱ፣ መጋረጃ ተሰቀለ፣ ብረት በር ተገጠመ። እኔም በፍቅር፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ለዐሥራ ሁለቱም ዳንቴል ሠራሁላቸው። አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀብኝ። ቤታችሁ ያለውን ቴሌቪዥን እንዴት እንደምትሸፍኑት ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ ነው የሸፈንኳቸው። ከዚያ ቆለፍኩት። አንዱ ቢበላሽ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ርዕሰ መምህሩ ወረዳውን ይፈራሉ፣ ወረዳው ዞኑን ይፈራል፣ ሁላችንም የምንፈራው አንድ ልጅ ጣቱን እንዳያሳርፍ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ንብረቱ በደህና አለ» እያልኩ በኩራት እመልስ ነበር። አሁን ያን ኩራቴን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ጋሽ እንድሪስ የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ እንዲከፈትላቸው ጠየቁ፤ ከወረዳ ፈቃድ ይምጣ ተባሉ። አልተቆጡም። በሁለተኛው ረቡዕ አንድ ጆንያ ተሸክመው መጡ። ከጆንያው ውስጥ ጣውላ አወጡ፤ ጣውላው ላይ በተርታ ቆርኪ ተለጥፏል፤ በየቆርኪው ላይ በቀይ ቀለም ፊደል ተጽፎበታል። ቆርኪው ሲጫኑት ዝቅ እንዲል ከሥሩ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጠው አድርገውበታል። የኮምፒውተሩ ፊደል ገበታ ልክ በልክ ነው። ቆርኪውን ከየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ነበር የለቀሙት። እኒህ ሐጂ አባት የወለዷቸው፣ ጠላ እንኳ ቀምሰው የማያውቁ ሰው፣ ጎንብሰው የቢራ ቆርኪ ሲለቅሙ ያያቸው የአራዳ ሰው ስንት ቀልድ ቀልዷል። እሳቸው ግን «ሐራሙ ጠርሙሱ ውስጥ ቀርቷል፤ ቆርኪው ምን በደለ» ብለው ይስቁ ነበር።

ትርፍ ክፍል ስላልነበረ የሚያስተምሩት በረንዳ ላይ ነው፤ በዚያው በተቆለፈው የኮምፒውተር ክፍል በረንዳ። ልጆቹ ጣውላቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ እሳቸው መስመሩን በዜማ ያወጣሉ፣ ልጆቹ ይቀበላሉ። በልጅነታቸው ቤታቸው ከአንድ ደብር የቄስ ትምህርት ቤት ጀርባ ነበር፤ ተማሪዎቹ ፊደል ሲቆጥሩ በግንቡ ላይ እየሰሙ ነው ያደጉት። ያንን ዜማ ኪው፣ ደብልዩ፣ ኢ፣ አር፣ ቲ፣ ዋይ ላይ አደረጉት። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን አባቴ ከመቃብር የተነሡ መስሎኝ ከቢሮዬ ወጣሁ። እዚያ ቆሜ ሳዳምጥ ጆሮዬ ደስ አለው። ከዚያ ተመልሼ ገባሁ። ቁልፉ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

ረቡዕ ያስተምራሉ፣ ዘበኛው ቤት ያድራሉ፣ ሐሙስ ጠዋት ደግሞ አስተምረው ለጁምዓ ይመለሳሉ። ምሳቸውን እኔ ዘንድ ይበሉ ነበር፤ የኛን ሥጋ ስለማይበሉ ሽሮ እሠራላቸዋለሁ። ሽሮዬን ያመሰግናሉ፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቃሉ፤ ስለ ቁልፉ ማዕድ ላይ አንድም ቀን አላነሡብኝም። ጨዋነታቸው እስከዚህ ድረስ ነበር። ምነው ባነሡብኝ ኖሮ።

በሁለተኛው ዓመት የሰጪው ድርጅት እንግዶች መጡ። ዳንቴሉ ተነሣ፣ አቧራው ተወለወለ፣ ልጆቹ ንጹሕ ልብስ ለብሰው ገብተው ተቀመጡ። እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ አድርጉ፣ ምንም እንዳትነኩ ተብለዋል። ኮምፒውተሮቹ እንኳ የበሩት ለማሳያ ነው። አንዷ እንግዳ ግን ስንዱ አጠገብ ቆመችና ስምሽን ጻፊልኝ አለቻት። ስንዱ ወደኔ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነችና ጻፈች። የራሷን ስም፣ የአባቷን ስም፣ የአገሯን ስም፣ አንዴም ሳታይ። ቆርኪ የለመዱ ጣቶች ስለሆኑ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ነበር የምትመታው። ጭብጨባ ሆነ፣ ፎቶ ተነሣ። ርዕሰ መምህሩ ተማሪዎቻችን በየሳምንቱ ይለማመዳሉ ብለው አስረዱ። ጋሽ እንድሪስ ከኋላ፣ በሩ ሥር፣ ጆንያቸውን ይዘው ቆመው ነበር። እኒህ ማን ናቸው ብሎ የጠየቀ የለም፤ የነገራቸውም የለም።

እንግዶቹ እንደወጡ ኤሌክትሪኩን አጠፋሁና ዳንቴሉን መመለስ ጀመርኩ። ስንዱ ከወንበሯ አልተነሣችም።

«እትየ፣ ምነው ትሸፍኝዋለሽ? ገና አንድ መስመር እኮ ነው የጻፍሁት» አለችኝ።

ሌላ ጊዜ አልኳት። ልጆቹ ሲወጡ ጋሽ እንድሪስ ቀሩ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያናገሩኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

«ወርቅነሽ፣ ለማን ነው የምትጠብቂው?»

«ቢሰበርብኝስ ጋሼ?»

«ይሰበር። ልጅ ነክቶት ይሰበር። እንዲህ ተሸፍኖ ቢያረጅም እኮ መሰበሩ ነው፤ ልዩነቱ ማንም ሳይማርበት መሰበሩ ነው።»

እኔ ግን ቆለፍኩት። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጋሽ እንድሪስ ጎንደር ተመልሰው የሚያውቁትን ሥራ ሠሩ፤ ማመልከቻ ጻፉ። የስንቱን ሰው መሬት ያስመለሰ እጅ ነው። ለወረዳው ጻፉ፣ ለዞኑ ጻፉ፤ ክፍሉ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ በእሳቸው ኃላፊነት እንዲከፈት፤ ቢበላሽ በራሳቸው እጅ እንደሚጠግኑ። መልሱ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው የሚል ነበር። በዓመቱም በጥናት ላይ ነው። ምኑ ነው የሚጠናው? በር እንዴት እንደሚከፈት ነው? ለሰው ሁሉ አቤት ብለው ያስደመጡ ሰው ለራሳቸው አንድ ቁልፍ ሲጠይቁ የሚሰማቸው ጠፋ።

ለመጨረሻ ጊዜ የመጡት በታኅሣሥ ነው። የወገራን የታኅሣሥ ጠዋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ተኝቶ ነበር። በረንዳው ላይ ሁለት ካፖርት ደርበው ተቀምጠው መስመሩን ያወጣሉ፣ በየመሐሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ልጆቹ ዜማውን ተቀብለው ይጨርሱላቸዋል። ከጀርባቸው ያ ብረት በር አለ። ከበሩ ወዲያ ዐሥራ ሁለት ኮምፒውተር ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ብርዱ ገደላቸው አልልም፤ ሐኪሙ የልብ ሕመም ነው ብሏል። ግን እኒያ ልባቸው የታመመ ሰው ውጭ ተቀምጠው፣ ዕቃው ውስጥ መቀመጡን ማንም ነውር አላለውም። እኔም አላልኩም።

ስለዚህ እሑድ ዕለት ኃላፊው «በስማቸው ይሰየማል» ሲሉ ደሜ ፈላ። ተነሥቼ መናገር ነበረብኝ፤ ለቅሶ ቤት ነውና አፌን ያዝኩ። ሰኞ ጠዋት ግን ማንንም ሳላስፈቅድ ክፍሉን ከፈትኩ። ስንዱንና ጓደኞቿን ጠራሁ። ዳንቴሉን አንድ በአንድ አነሣሁና መሬት ጣልኩት። ከዐሥራ ሁለቱ የበሩት አምስቱ ናቸው። ሰባቱ ሞተዋል። የአንዱን ሽቦ አይጥ በልታዋለች፤ ጎጆዋን የሠራችው በኔው ዳንቴል ክር ነው። ሌሎቹ ደግሞ እንዲሁ በእርጥበትና በመቀመጥ አልቀዋል። አንድ ልጅ ሳይነካቸው ነው ያለቁት። ርዕሰ መምህሩ ተጠርተው መጥተው ቆመው አዩና ይህ በማን ላይ ይጻፋል አሉ።

«በእኔ ላይ ይጻፉት» አልኳቸው። «ስለ አምስቱ ግን ማንም እንዳይጠይቀኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ይነካሉ።»

ጽፈውብኛል። ይጻፉ። እነዚያን ሰባቱን የገደልኳቸው እኔ ነኝና የተጻፈብኝ ሐሰት አይደለም። በፊርማችሁ ሥር የተቆለፈ ክፍል የያዛችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ሄዳችሁ ክፈቱትና ቁጠሩ።

ጋሼ፣ እንግዲህ ከእርስዎ ጋር ልጨርስ። ልጆቹ አሁን ረቡዕና ሐሙስ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ። መስመሩን የምታወጣላቸው ስንዱ ናት። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚጽፉት፤ የኮምፒውተሩን መስተዋት እዩት ብላቸውም አይሰሙኝም። እንደ ቆርኪ ስለሚመቱት አንዱ ፊደል ከወዲሁ ተነቅሏል፤ ስንዱ በስፖንጅና በማስቲሽ መልሳዋለች። ሲነቀል አልደነገጥኩም፤ ይህን እንዲያውቁልኝ ፈልጌ ነው።

ባለፈው ሳምንት ኃላፊዎቹ ቃላቸውን ጠብቀው መጡ። ስምዎ በትልቁ የተጻፈበት ሸጋ ሰሌዳ አምጥተው በሩ ላይ ቸነከሩት፤ ከፊቱ ቆመውም ፎቶ ተነሡ። ያ በር ወደ ውጭ የሚከፈት መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ፤ አራት ዓመት ከፊቱ ተቀምጠዋል። ወለል አድርጌ ስከፍተው ሄዶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ሰሌዳውም ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ ስምዎ ለአላፊ አግዳሚው አይታይም። ኃላፊው ስልክ ደውለው ስሙ እንዲታይ በሩን መለስ አድርጊው ብለውኛል። ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ስምዎን ሸፍኜዋለሁ። በሩን አልመልሰውም። ነፍስዎን በገነት ያኑርልኝ፤ ደህና ይሁኑ።